አንድ መዳፍ ለቡላ

የልጅ ልጄ ቤቴል ማለዳ ቢሮ ገብታ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የምንጠብቀው እኔና ቡቺ የተባለው ቡችላዋ ነን፤ እሱ በሩን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን። ከአዲስ አበባ በጆንያ የመጣለት ምግብ አለው፤ ቡናማ፣ ደረቅ፣ የሽምብራ ቆሎ የሚመስል ፍሬ ፍሬ ነገር ነው፤ የጆንያው አፍ ሲፈታ የከረመ ቅቤ ጠረን ቤቱን ይሞላዋል። መስፈሪያው ቀይ መስመር ያለበት የላስቲክ ኩባያ ነው። እስከ መስመሩ ጠዋት፣ እስከ መስመሩ ቀትር ላይ፣ እስከ መስመሩ ማታ። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኬ ይጮሃል፤ ቤቴል ናት እንዲጮህ ያደረገችው። የእኔን የግፊት ክኒን ሰዓት አንድም ስልክ አስታውሶት አያውቅም፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ዘመኑ የቡቺ ነው።

ያ ጠረን አፍንጫዬ በደረሰ ቁጥር ታዲያ ኩባያውን አስቀምጥና መዳፌን ዘርግቼ አየዋለሁ።

እኛ ቤት መስፈሪያው መዳፍ ነበር። ቤታችን ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አሁን ጋራዥና የብሎኬት ቤት በተደረደረበት ቦታ፣ እንሰት መሃል ተደብቆ የቆመ የሣር ቤት ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሰፋፊውን የእንሰት ቅጠል ሲመታው ከበሮ የሚደለቅ ነበር የሚመስለው፤ በዚያ ድምፅ ውስጥ ጃርት መጥቶ የእንሰቱን ሥር ቢቆፍር፣ ጅብ መጥቶ ጥጃ ቢጎትት የሚሰማ ሰው የለም። የምትሰማው ቡላ ነበረች። ቡላ ውሻችን ናት፤ ከእንሰት እንደሚጨመቀው ቡላ ነጭ ስለሆነች አባቴ ነው ስሙን ያወጣላት። አንድ ጆሮዋ የቆመ፣ አንዱ የታጠፈ፣ ሁልጊዜ ግማሽ ነገር የሰማች የምትመስል ውሻ።

አባቴ የውሻ አመጋገብ ላይ ድርድር አያውቅም። ውሻ በቀን አንዴ ይበላል፣ እሱም ማታ ነው፤ ጠዋት ከበላ ሲያንቀላፋ ይውላል፣ ብዙ ከበላ ሌሊት ይተኛል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ እራት ከበላ በኋላ አንድ መዳፍ የሚያህል ቆጮ ተቆርሶ ይሰጣታል፤ ይህን የምታደርገው ደግሞ ታላቅ እህቴ ታደለች ነበረች። ታደለች ቁመቷ እንደ ወንድ የረዘመ፣ እጇ ሰፊ፣ ሳቋ ከእንሰቱ አጥር አልፎ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ዝናቡ ሳይገባ ሀደሮ የሚባል አገር ተዳረችና ቤታችን በአንድ ቀን ጸጥ አለ።

በማግስቱ ማታ እናቴ ጠራችኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ የቡላ እራት ያንቺ ነው» አለችኝ። «አንድ መዳፍ፣ አንዴ፣ ማታ። ሰማሽ?»

ሰማሁ እንጂ! ከዚያ በፊት ውኃ ከመቅዳትና ከመላላክ ሌላ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ላይ አደርገውና መዳፌን አስተኛበታለሁ፤ ጣቶቼን አልዘረጋም፣ ያ ማጭበርበር ነው ብዬ። ከዚያ በቢላዋ ዙሪያውን ቀስ ብዬ እቆርጣለሁ። የተረፈውን ፍርፋሪ እንኳ ለቅሜ ወደ ቤት እመልሳለሁ። አባቴ ከምድጃው ማዶ ሆኖ እያየኝ ይስቃል፤ «ይቺ ልጅ መሬት ለኪ ትሆናለች፣ በሷ ጊዜ ድንበር የሚገፋ አይኖርም» ይላል። እኔም ኩራቴ በዚያ ሰሞን ሰማይ ነክቶ ነበር።

ነሐሴ ላይ ቡላ ወለደች። አራት ቡችሎች፣ ከቤቱ ጀርባ፣ የደረቀ እንሰት ቅጠል በተከመረበት ሥር። ከወለደች በኋላ ጠዋት ጠዋት እየመጣች አፍንጫዋን መዳፌ ውስጥ ትከት ጀመር። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ አፍንጫ፤ አሁንም ድረስ መዳፌ ላይ አለ። እኔ ሁለት እጆቼን ከፍቼ ባዶ መሆናቸውን አሳያታለሁ፤ «አንዴ ነው የተባለው፣ ማታ ነይ» እላታለሁ፤ እሷም የታጠፈውን ጆሮዋን አዘንብላ ታየኝና ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ጎኗ እየገባ፣ የጎድን አጥንቷ እየወጣ ሲሄድ አይቻለሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ብቻ ለኔ የተነገረኝ ልክ እንጂ የቡላ ጎን አልነበረም።

እናቴ በዚያ ሰሞን እግሯ ቤት አያርፍም። መስቀል እየደረሰ ነው፤ ሴቶቹ ዊጆ የሚሉት የቅቤ ማኅበር አላቸው፣ ሁሉም ቅቤ ያዋጣና በተራ ለአንዷ ይደርሳታል፤ ለመስቀል ደግሞ ቅቤ ያላጠራቀመች ሴት አንገቷን ደፍታ ነው የምትውለው። ማታ ደክሟት ስትገባ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ለቡላ ሰጠሻት?»

«ሰጠኋት።»

«ስንት?»

«አንድ መዳፍ።»

«ጎሽ» ትለኛለች። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር።

መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ጎረቤታችን የኤርሲዶ እናት ጩኸቷን አቀለጠችው። ሮጠን ስንደርስ የዓመት ቅቤዋ የነበረበት እንስራ መሬት ላይ ተሰብሯል፣ ቡላ አፏ እስከ ዓይኗ ድረስ ቅቤ በቅቤ ሆና ግድግዳው ጥግ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች።

«እናንተ ሰዎች፣ ውሻ ነው ወይስ ጅብ የምታረቡት?» አለች የኤርሲዶ እናት፣ ራሷን ይዛ። «በመስቀል ምኔን ልቀባ? ምኔን ላብላ? ኧረ እናንተ!»

እናቴ ወደ ቤታችን ሄዳ የራሷን ቅቤ ከነእንስራው አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። በዚያ ዓመት እኛ ቤት ቆጮው በቅቤ አልታሸም። አባቴ ደግሞ ቅቤ የቀመሰ ውሻ ሌላ ነገር አይበላም አለና የቃጫ ገመድ አንገቷ ላይ አስሮ ይዟት ወጣ። ቡላ እየተጎተተች ፊቷን ያዞረችው ወደ ቅጠሉ ክምር ነበር። አባቴ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ፤ ሲመለስ የያዘው ገመዱን ብቻ ነው። የጠየቀው ሰው የለም። ቡችሎቹን ጨርቅ በወተት እየነከርኩ ላጠባ ሞከርኩ፤ ከአራቱ አንዱ ተረፈ።

በመስቀል ታደለች ከባሏ ጋር ሊጠይቁን መጡ። ገና ደጃፍ ላይ ሆና «ቡላስ?» አለች። ነገሯት። በኋላ ውኃ እንቅዳ ብላ ለብቻዬ ይዛኝ ወጣች።

«እስኪ ስትሰጫት እንዴት ነበር የምታደርጊው?»

መዳፌን ከፍቼ አሳየኋት፤ ጣቶቼን ሳልዘረጋ። እሷ የራሷን መዳፍ ከላዩ ላይ አደረገችው። የእኔ ጠፋ። ከጣቷ ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

«በኔ መዳፍ ነበር እኮ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ደግሞ አምና ስትወልድ ጠዋትም አቀብላት ነበር፤ አባባ እንዳያየኝ በነጠላዬ ሸፍኜ። በሠርጉ ግርግር ለአንቺ መንገሩ መች ትዝ ብሎኝ!» ከዚያ ውኃውን ሳትቀዳ ቆመች። አልተቆጣችኝም። ቢያንስ ብትቆነጥጠኝ ይሻል ነበር። «ሂጂና ንገሪያቸው ወይም ተይው፣ እንደ ልብሽ» አለችኝ።

ተውኩት። ያን ማታ ልነግራቸው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ አባቴ ለአማቹ ስለ እኔ ልክ አዋቂነት እየነገረ፣ «ይቺ እኮ ፍርፋሪ አታሳልፍም» እያለ ይስቃል፤ በዚያ ሳቅ መሃል ምን ብዬ ልጀምር? ነገ እላለሁ አልኩ። ነገ ስንት ነገ ሆነ መሰላችሁ። አድጌ ተዳርኩ፣ ወለድኩ፣ እናቴን ቀበርኩ። አባቴ ሸምግሎም የውሻ ነገር በተነሳ ቁጥር «ያቺ ሌባ» ይል ነበር፤ እኔም ቡና እያቀበልኩት፣ እግሩን እያጠብኩት፣ ሌባ እንዳልነበረች አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እንዲሁ ሌባ እንዳላት ሞተ። ታደለችም ባለፈው ዓመት አረፈች፤ ነገሩን ከእኔ ጋር የምታውቅ አንድ ሰው እሷ ነበረች።

በቀደም ቤቴል የጆንያውን ጽሑፍ በአማርኛ እየመለሰች ስታነብልኝ፣ ይህን ለሚያህል ውሻ ይህን ያህል፣ ለዚያ ይህን ያህል ስትል፣ «ለምታጠባዋስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የምታጠባ የለንም እኮ እማማ» አለች እየሳቀች፤ ቢሆንም ፈልጋ አገኘችው። «ለሷማ አይለካም ይላል። ፊቷ ይቀመጥላት፣ የፈለገችውን ያህል ትብላ።»

ጆንያው ላይ ተጽፎ ኖሯል። ማንም አንብቦ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ ሲጮህ ኩባያውን እስከ መስመሩ እሞላና፣ ቡቺ ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ከጆንያው አንድ መዳፍ እጨምርለታለሁ። ይህ እጅ አሁን የታደለችን ያህላል፤ ቆዳው ተሸብሽቦ፣ ጣቱ ጎብጦ፣ ግን ያህላል። ቡቺ ሆዱ እየተነፋ መሄዱን አይቻለሁ፤ ይህም ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያኔ ያጎደልኩትን የሌላ ውሻ ሆድ ውስጥ እየከተትኩ ነው።

ትናንት ቤቴል ከቢሮ ስትመለስ ቡቺን ወደ ላይ አንስታ በሁለት እጇ መዘነችው፤ ጆንያውን አየች፣ ኩባያውን አየች፣ እኔን አየች።

«እማማ፣ አንቺ ነሽ አይደል?»

ዕድሜዬ ስምንት ሆነ።

«አዎ» አልኳት፣ «እኔ ነኝ።»

እሷ ሳቀች፤ ስለ ቡቺ መስሏት።