ሳሙናዋና የወንድሟ ሹራብ

«ሳሙናዋ» የሚል ስም ያወጣንላት እኛው ባልደረቦቿ ነን። ሰው ለበጎ አድራጎት ሱቃችን የሚሰጠውን አሮጌ ልብስ እሷ ታጥባለች፤ እኔ እተኩሳለሁ። ከሽያጩ የሚገኘው ጧሪ ለሌላቸው የሰፈሩ አረጋውያን ምሳ ይሆናል። የሌላ ሰው ጠረን ያለበት ልብስ መስቀያ ላይ አይወጣም ብላ ድርቅ ያለች ናት። «ድሃ ቢሆንስ፣ የሰው ላብ ለምን ይገዛል?» ትላለች። ደጋግማ ስታለቀልቅ ውሃው ያልቅብንና እንጨቃጨቃለን፤ ግን ማን ይችላታል።

ሱቁ ከመከፈቱ በፊት አሮጌ ልብስ ሁሉ የሚጣለው ወንዝ ዳር ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ጨርቁ ቦዩን እየደፈነው ጎርፉ እነሳሙናዋ ቤት ይገባል። በበጋ ደግሞ ያቃጥሉታል፤ «የታናሽ ወንድሜን ደረት የጨረሰው ያ ጭስ ነው» ትላለች። እናታቸው ስትሞት እጇ ላይ የቀረ ነው፤ ወንድሜ ትበለው እንጂ እንደ ልጇ ነበር። ዛሬ ቦዩ ተከፍቷል፣ ጭሱም ቀርቷል። ለእሱ ግን ዘግይቶ ነበር።

ከመሞቱ በፊት «ልብሴን ለሱቁ ስጪ» ብሏት ነበር። ለራሷ አንድ ግራጫ ሹራብ ልታስቀር አስባ ነበር፤ ሳይታጠብ፣ እሱን እሱን እንደሸተተ። ከሐዘን በተነሣች ማግስት ልብሶቹን ልታዘጋጅ ተቀመጠች። የለመደ እጅ ባለቤቱን አይጠይቅም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ዘፈዘፈች፣ አሸች፣ አለቀለቀች፣ አሰጣች። ትዝ ያላት ሹራቡን ከገመድ ስታወርድ ነው።

በማግስቱ ሱቅ ይዛው መጥታ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው።

«እስቲ አንቺ አሽትቺው። እኔን ጉንፋን ይዞኝ ይሆናል።»

ሳሙና ሳሙና ይላል። መዋሸት አቃተኝና ነገርኳት። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ማጠቢያ በርሜሏ ሄደች።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት የሟች ባሏን ልብስ በማዳበሪያ አምጥታ አራገፈችልን። ሳሙናዋ ስትለይ አንድ አንገቱ የጠቆረ ሸሚዝ አገኘች። ሳታራግፈው በፌስታል ጠቀለለችው፤ አፉን አጥብቃ ቋጠረችና መለሰችላት። ሴትዮዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቆሻሻ ነው ተብሎ የተመለሰባት መስሏታል።

«ይሄን ቤትሽ ውሰጂው፣ እህቴ» አለቻት ሳሙናዋ። «እንዳታጥቢው።»