ሮዜሊዳ ሰባ አልጋ ስትደለድል

ሮዜሊዳ አውዎር ስልክ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ነበሯት። የት ተወለዱ? ከማን ቤት ነው ያገቡት? ሲተኙ ያንኮራፋሉ? መልሱን ሽፋኑ በተላጠ የተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስ ታሰፍራለች። የእሷ ጠረጴዛና እኔ ቁልፉን የምይዘው የዓሣ ናሙና ክፍል የሚለያዩት በአንዲት ስስ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ያን ሰሞን የሰባ ምሁራንን የጋብቻና የእንቅልፍ ታሪክ ሳልፈልግ ተምሬዋለሁ።

ኪሱሙ ባለው ዩኒቨርሲቲያችን፣ በሐይቅና ዓሣ ጥናት ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት ሠርታለች። በክፍላችን በስሟ የሚጠራት የለም። ትውልዷ ሴሜ ከሚባለው ገጠር ስለሆነ ከክፍሉ ኃላፊ እስከ ዘበኛው ሁላችንም «የሴሜ ልጅ» እንላታለን። የምሥራቅ አፍሪካ የሐይቅ ተመራማሪዎች ማኅበር በየዓመቱ ይሰበሰባል፤ የጥሪውን ደብዳቤ የምትጽፈውም፣ የምትልከውም፣ «ደርሶዎታል ወይ?» ብላ የምትደውለውም እሷ ነበረች። ስብሰባው ግን ሁልጊዜ ናይሮቢ ነው፤ አንድም ቀን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። «እኔ የሰርግ ጥሪ አዳይ ነኝ፤ ድግሱ እንዴት እንደነበር የሚነግሩኝ የበሉት ናቸው» ትል ነበር፣ እየሳቀች።

በዚያ ዓመት የክፍላችን ኃላፊ ቆርጦ ተነሣ። ስለ ሐይቅ የሚያጠና ሰው ከሐይቁ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚሰበሰበው ለምንድን ነው ብሎ ለማኅበሩ ጻፈ። መልሱ የመጣው ናይሮቢ ከተቀመጠው የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ከካማንዴ ነው። ካማንዴ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ አይካድም፤ ኪሱሙን ግን ሰው ለመሳፈር እንጂ ለማደር የሚመጣባት አትመስለውም። ኪሱሙ ሰባ እንግዳ አታስተናግድም፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ ይሞከር፤ ነገር ግን አልጋ ያጣ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ወይም የመክፈቻው ንግግር ልክ በሦስት ሰዓት ካልጀመረ፣ ስብሰባው ወደ ናይሮቢ ይመለሳል፣ ጉዳዩም ዳግመኛ አይነሣም ይላል ደብዳቤው። ኃላፊው አነበበው። የሴሜ ልጅ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችና፣ ተቀብለናል ብለህ ጻፍ፣ አልጋውንና መንገዱን በእኔ ስም አድርገው አለችው። ለጡረታዋ የቀራት አሥራ አንድ ወር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ ደብተር ከእጇ አልወረደም። ከምዋንዛ በአውቶቡስ የሚመጡትን፣ ድንበሩ ላይ ወረፋ እንደሚበዛ ስለምታውቅ፣ በአንድ ቀን ቀድመው እንዲነሡ አደረገቻቸው። ከኡጋንዳ ለሚመጡት ኦዮ የሚባለውን የማታቱ፣ ማለት የሚኒባስ ታክሲ፣ ሾፌር ቡሲያ ድንበር ላይ እንዲጠብቅ አስማለችው፤ ኦዮ ተሳፋሪ ካልሞላ ሞተር የማያስነሣ ሰው ስለሆነ መሐላው በእናቱ ስም ነበር። ከኪጋሊ የሚመጡት አንድ ተመራማሪ ዓሣ እንደማይበሉ ስትሰማ ደነገጠች፤ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ያጠኑ ሰው ናቸው። በኋላ ግን፣ ብዙ ስለሚያውቋቸው ይሆናል፣ ከዘመድ ቆጥረዋቸው ነው ብላ «ዶሮ» ብላ ጻፈች።

ካማንዴ የጥያቄዎቿ ወሬ ደርሶት ደወለላት። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኑራ ነበር የምታወራውና ሰማሁት።

«ማማ ሮዜሊዳ፣ የምታስይዢው አልጋ ነው ወይስ ጋብቻ?»

«ቧና ካማንዴ፣ እኛ አገር አንዱን ሳያውቁ ሌላውን አይዙም። ለመሆኑ እርስዎ ያንኮራፋሉ?»

«እኔ? በፍጹም!»

በማግስቱ ለሌላ ጉዳይ ደውላ ሚስቱን አገኘች። ከስሙ ጎን ያለውን ቃል ሰርዛ ሌላ ስትጽፍ አየኋት።

ስብሰባው አራት ቀን ሲቀረው ጉድ ፈላ። እንግዶቹ ሊያርፉበት የነበረው ሆቴል የውኃ ቧንቧው ፈንድቶ ሠላሳ ክፍል አበላሸ። ካማንዴ ወሬውን እንደሰማ በአውሮፕላን መጣ። እሱ ሰማይ ላይ እያለ የሴሜ ልጅ በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጣ ከተማውን ዞረች። ሚሊማኒ ሰፈር ያሉት ሴት መነኮሳት የእንግዳ ማረፊያቸውን ሰጧት፤ የመምህራን ኮሌጁ ለዕረፍት ስለተዘጋ ማደሪያውን ከፈተላት፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ ባለ ሦስት መኝታ ቤት አንድ ሙሉ ግቢ ተከራየች። ሠላሳውም አልጋ በአንድ ቀን ተተካ። ካማንዴ አዳዲሶቹን ቁልፎች ተረከበና ኮምፒዩተሩን ከፍቶ እንግዳውን በማዕረግና በዩኒቨርሲቲ ደለደለው። ዝርዝሩ ሲታይ ያምራል፤ በሦስት ቀለም የተሠራ ነው።

የሴሜ ልጅ አንድ ጊዜ ልየው ብላ ጠየቀችው።

«ዝርዝሩ ለሁሉም ተልኳል» አላት ከኮምፒዩተሩ ቀና ሳይል። «አልጋ አገኘሽ፣ ተባረኪ። አሁን አንቺ ሻዩን ተቆጣጠሪ።»

ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ኡጋንዳውያኑ በሚመጡበት ማለዳ ልትቀበላቸው ቡሲያ ሄደች፤ የኦዮን መሐላ ሙሉ በሙሉ አላመነችውም ነበር።

እንግዶቹ የሚገቡበት ቀን አሥር ሰዓት ገደማ እኔ ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤት የሚጠጣ ውኃ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ የደረሱት ዶክተር ፊሊስታ አዴሮ ናቸው፤ የዓሣ በሽታ ሊቅ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ሴት። ገና ሻንጣቸው ከመኪና ሳይወርድ ሁለተኛ መኪና መጣና ፕሮፌሰር ኦጉቱ ወረዱ። የመክፈቻውን ንግግር የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ፕሮፌሰሩ ዶክተሯን እንዳዩ ከበሩ ላይ ቆሙ፤ ኮፍያቸውን አወለቁና የማንጎውን ዛፍ ይመለከቱ ጀመር። ዶክተሯም ሻርፓቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

ካማንዴ ቁልፎቹን እያንሿሿ መጣ። ከሁሉ የተሻለውን ቤት ለሁለቱ ታላላቆች አድርጌያለሁ፣ ይግቡ አላቸው። ማንም አልገባም። ክፍሉ ጠበበ ብሎ አስቦ ሰፊውን እሰጣለሁ አለ። ስለ ነፋሱ ተናገረ። ስለ መጋረጃው ተናገረ። ፕሮፌሰሩ ለማንጎው ዛፍ፣ ቤቱ በጣም ጥሩ ነው አሉት። ዶክተሯም ለሐይቁ እንደዚያው አሉት። የዶክተሯ መኪና ሾፌር መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሾፌሩ የሳቀበት ነገር ለእኔም ገብቶኛል። የዶክተሯ ታላቅ ልጅ የፕሮፌሰሩ ሚስት ናት። በዚህ በሉዎ ሰዎች አገር አማትና አማች አዳራሽ ውስጥ ራቅ ራቅ ብለው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ግን ሞት ቢመጣ አያድሩም። ይህንንም አፍ አውጥቶ በፊታቸው መናገር ራሱ ነውር ነው። ስለዚህ እነሱም አይናገሩም፣ እኔም አልናገርም። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ያንኑም ያዙ። ፕሮፌሰር ኦጉቱ ገጠር የታመመ ወንድም እንዳላቸው ድንገት ትዝ አላቸው። ዶክተር አዴሮ ደግሞ ወገባቸው ሐኪም ስለሚፈልግ በመጣሁበት መኪና ልመለስ አሉ። ካማንዴን ላብ አጠመቀው። ነገ በሦስት ሰዓት መድረኩ ባዶ ሊሆን ነው፤ ፈራጁ ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ከአጥሩ ጥግ ሄጄ ለሴሜ ልጅ ደወልኩ። ኡጋንዳውያኑን አስገብታ መነኮሳቱ ዘንድ ደርሳ ነበር። ሁለቱን ስም ብቻ ነገርኳት። «መኪና እንዳያስነሡ» ብላ ዘጋችው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ቦዳ ቦዳው አቧራውን እያነሣ ደረሰ። ወርዳ ቀሚሷን አራገፈች፤ ወደ ካማንዴም ወደ ፕሮፌሰሩም ሳታይ በቀጥታ ወደ ዶክተሯ ሄዳ ጉልበቷን ሸብረክ አደረገች።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የእርስዎ ክፍል መነኮሳቱ ዘንድ ነው፤ ሾፌሩን ወደተሳሳተ ቤት የላክሁት እኔ ነኝ። እማሆይ ሻይ አፍልተው እየጠበቁዎት ነው።»

ዶክተር አዴሮ ከሐይቁ ዞር አሉ። ትንሽ አዩዋት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሴሜ ልጅ ነኝ፣ እናቴ።»

«አዎ» አሉ ዶክተሯ። «ሴሜ ልጅ ማሳደግ ያውቃል።» መኪናው ውስጥ ገቡ። መኪናው ከዓይን እንደራቀ የፕሮፌሰር ኦጉቱ ወንድም ከሕመሙ ተሽሎት መሰለኝ፣ ሻንጣቸውን አንሥተው እያፏጩ ወደ ቤት ገቡ።

ካማንዴ ወደ ሴሜ ልጅ ተጠጋ። ቤቱ ምን ጎደለው ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት። ደብተሯን ገልጣ በጣቷ አሳየችው፤ «አዴሮ፤ ልጃቸው ሩት ለኦጉቱ የተዳረች» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አማታቸው ናቸው?»

«ኮምፒዩተርዎ አላገባም መሰለኝ፣ ቧና ካማንዴ።»

«ግን እኮ» አለ፣ ድምፁ እየወረደ፣ «መነኮሳቱ ዘንድ የቀረች አንዲት ክፍል ናት። እሷም ...»

እሷም የእሱ ነበረች። ጸጥታ እወዳለሁ ብሎ ለራሱ የያዛት ክፍል ናት። የሴሜ ልጅ ይህንንም ታውቃለች፤ ሻንጣውን ቦዳ ቦዳው ኋላ ላይ አሥራ ነው የመጣችው። ፈትታ አወረደችለት። ከፕሮፌሰሩ ቀጥሎ ያለውን፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ያለውን ክፍል ቁልፍ ከእጁ ላይ መርጣ መልሳ ለራሱ ሰጠችው። ጄኔሬተሩና እርስዎ ትስማማላችሁ ብላው በመጣችበት ሄደች።

በማግስቱ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሰባውም ሰው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ልክ በሦስት ሰዓት ፕሮፌሰር ኦጉቱ ማይክሮፎኑን ያዙ። ኪሱሙ እንደዚህ ተመችቶኝ አድሬ አላውቅም፣ ምንም እንኳ ከግድግዳው ማዶ አንድ ጉማሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጫውተኝ ቢያድርም አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ካማንዴ ጣሪያውን ያጠና ነበር።

በሦስተኛው ቀን መዝጊያ ላይ የሚቀጥለው ስብሰባ የት ይሁን ተባለ። የናይሮቢን ስም ያነሣ አልነበረም፤ ካማንዴም አላነሣም። ኡጋንዳውያኑ ካምፓላ እናዘጋጃለን አሉ፤ ግን አልጋውን የምትደለድልልን የሴሜ ልጅ ከሆነች ብለው ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ያኔ ከፊት ረድፍ ዶክተር አዴሮ ተነሡ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሲናገሩ መጀመሪያቸው ነው።

«ለመሆኑ የት አለች?»

ሻይ ክፍል ነበረች። እኔና ኦዮ ሄደን አመጣናት፤ ሽርጧን ለመፍታት እንኳ ጊዜ አልሰጠናትም። በሩ ላይ ቆመች። ዶክተሯ ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ ሰባው ሰው ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ በመካከላቸው አልፋ ሄዳ ተቀመጠች። የገዛ ቤቷ ገብታ የተቀመጠች እንጂ ለሃያ ስድስት ዓመት ውጭ የቆመች አትመስልም ነበር። ጡረታዬ እኮ ከካምፓላው በፊት ነው አለቻቸው። ዶክተሯም፣ ጡረታ የወጣች ሴት ጊዜ አላት፣ እኔን አታዪም ወይ አሏት።

ሰዉ ሲበተን ካማንዴ ኮምፒዩተሩን ታቅፎ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ባለ ሦስት ቀለሙን ዝርዝር ከፈተ። ሦስት አዳዲስ ዓምዶች ጨምሮበታል፦ የት ተወለደ፣ ከማን ቤት አገባ፣ ያንኮራፋል ወይ።

«ማማ ሮዜሊዳ፣ ለካምፓላው ከማን እንጀምር ይላሉ?»

የሴሜ ልጅ ደብተሯን ገለጠች። እርሳሷን በምላሷ ነካ አደረገች።

«ከእርስዎ እንጀምር። ያንኮራፋሉ?»

«አዎ» አለ ካማንዴ።