ብሎንና ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች

ብሎን የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የአባቷ ሠራተኞች ናቸው። በአራት ዓመቷ ኪሷን በብሎን ሞልታ ስትሮጥ ሱሪዋ እየወለቀ ያስቸግራት ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈትታ፣ የከሰለውን ሽቦ አውጥታ፣ በአዲስ መዳብ ጠቅልላ ታስነሳለች። ሱሪዋም ቀበቶ አለው።

በአባቷ ወርክሾፕ አንድ ሕግ አለ፤ ሽቦ የሚጠቀልልን ሰው ማንም አያናግርም። የዙሩ ቁጥር ከተዛባ ሞተሩ ተመልሶ ይቃጠላል። ቁጥር የጠፋበት ደግሞ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ይጀምራል።

ያን ቀን ጠዋት አባቷ ሽቦ እየጠቀለለ ሳለ ሕጉን የጣሱት ትልቁ አጎቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ሲናገሩ ዛሬም ተማሪ ያሰለፉ ይመስላቸዋል። በብብታቸው ባለመስታወት ፍሬም ይዘዋል፤ ውስጡ የአንድ ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፎቶግራፍ።

ብሎንን ለምህንድስና የተቀበሏት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ሁለቱም ወጪዋን ይችላሉ። አንዱን ዓለም ያውቀዋል። ሌላውን አጎቷ በጆሯቸው ሰምተውት አያውቁም። መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

"ይሄን ፊት ለፊት ስቀሉት! ደንበኛ ሁሉ ይየው።"

"እዚያ አልሄድም እኮ፣ ጋሼ።"

"ምን አልሽ?"

"ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። ማሽን የምነካው መቼ ነው አልኳቸው። የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ፎቶ ላከልኝ። የዚያኛው የወርክሾፕ ኃላፊ ግን ራሷ መለሰችልኝ፤ 'በሁለተኛው ሳምንት። ፀጉርሽ ረጅም ከሆነ ማስያዣ ይዘሽ ነይ።'"

"ለፀጉር ማስያዣ ብለሽ ይሄን ስም ልትጥይ? ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተናግሬያለሁ! ፊቴን የት ላድርገው?"

"ሲናገሩ መች ጠየቁኝ? የምማረው እኔ ነኝ።"

አጎቷ ወደ አባቷ ዞሩ። "አንተስ? ዝም ብለህ ታያታለህ?"

የሽቦ መጠቅለያውን የሚያዞረው የአባቷ እጅ ቆመ። ዙሩን የሚቆጥረው ከንፈሩም ቆመ። "በቃ፣ ቁጥሩን አጠፋችሁብኝ! ከአንድ ልጀምር ነው።"

"ሰማንያ አራት ነበር" አለች ብሎን።

"እየተጨቃጨቅሽ?"

"መጠቅለያው በየዙሩ ጠቅ ይላል፣ አባዬ። አፌ ቢጨቃጨቅ ጆሮዬ ሥራ አልፈታም።"

አባቷ አላመናትም። ሽቦውን በጥፍሩ እየለየ አንድ በአንድ ቆጠረ። ሰማንያ አራት። ቀና ብሎ ወንድሙን አያቸው።

"ጋሼ፣ ይቺ ልጅ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ ነው የሚሉኝ? እኔ የለሁበትም።"

ብሎን እጇን በጨርቅ ጠረገችና ስልኳን አወጣች። ከጀርባዬ አደረገችው እንዳይሉ አጎቷ ፊት ቆመች። ስሙ ለማይታወቀው "እመጣለሁ"፣ ለስመ ጥሩ "አመሰግናለሁ፣ አልመጣም" ብላ ላከች።

"ፍሬሙስ?" አሉ አጎቷ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

"እሱ ይጠቅማል።" ጀርባውን በካቻቢቴ ከፈተችው። ፎቶግራፉን ለአጎቷ መለሰች፤ በቦታው አትማ በኪሷ የያዘቻትን የወርክሾፕ ኃላፊዋን የሁለት መስመር ደብዳቤ አስገብታ ከመጠቅለያው በላይ ሰቀለችው።

አጎቷ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። "እስቲ የዩኒቨርሲቲውን ስም ንገሪኝ፤ ለሰው ስናገር እንዳልሳሳት።"

"ስመረቅ እነግርዎታለሁ።"

አባቷን ከወንበሩ አስነሥታ ተቀመጠች፤ ከሰማንያ አምስትም ቀጠለች። ማንም አላናገራትም።