የዳንግላው አስተርጓሚ የተቀነሱ ዕለት

ዳኛው «ይህ ሰው ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቁ ችሎቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም በእናቴ ቋንቋ ደንቆሮ ሆንኩ።

ዛሬ እንጅባራ ላይ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ሊቀነስ ነው ሲባል ሰምቼ የዚያ ችሎት ፍርሃት ተመለሰብኝ። በሃምሳዎቹ ዓመታት ዳንግላ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ።

የዚያን ዕለት ጠዋት የአስተርጓሚያችን የአያ ዓለሙ የስንብት ደብዳቤ ደረሰ። «ባለጉዳዩ ሁሉ አማርኛ ስለሚያውቅ» ይላል። ጻፊው ዳንግላን ያያት በካርታ ላይ ብቻ መሆን አለበት።

ዳኛው ፊት የቆመው ገበሬ መሬቱን እንዳይነጠቅ የሚለምነው በእናቴ ቋንቋ፣ በአዊኛ ነው። ዳኛው ደግሞ የሩቅ አገር ሰው ናቸው፤ አንዲት ቃል አይሰሙም።

እኔ ካስተረጎምኩ «አስተርጓሚ አያስፈልግም» ያለው ደብዳቤ ልክ ሊሆን ነው። ዝም ካልኩ የሰውዬው እርሻ ሊሄድ ነው። ብዕሬን ቀለም ውስጥ ደጋግሜ ነከርኩ። የምጽፈው ግን አልነበረም።

«ጌታዬ፣ አባቴ ያረሰው መሬት ነው፤ ምስክር አለኝ ነው የሚለው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አያ ዓለሙ ደብዳቤያቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«አንተ ተሰናብተህ የለም እንዴ?» አሉ ዳኛው።

«እኔን ነው እንጂ አዊኛን አላሰናበቱትም፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ሳቃቸውን በሳል ሸፍነው ምስክሩ እንዲሰማ ቀጠሮ ሰጡ። አያ ዓለሙም በቀጠሮው ቀን መጥተው እንዲያስተረጉሙ ታዘዙ። ስለ ደመወዝ ማንም አላነሳም።

ገበሬው ሲወጣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመና ቀስ ብሎ በአዊኛ «የእናትህ ጎረቤት እኮ ነኝ» አለኝ።

ብዕሬን አስቀምጬ እስከ በር ሸኘሁት። እናንተስ፣ የሌላውን እንጀራ ላለመንካት ብላችሁ የምታውቁትን አላውቅም ያላችሁበት ቀን የለም? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።