በክር የተቆረጠ ገንፎ

በኮሮናው ዓመት እዚህ በስደት በምኖርባት ኮሎምበስ ከተማ፣ የጣሊያን ዝርያ ያላቸው ባልቴት ጎረቤቴ በረንዳቸው ላይ የበቆሎ ገንፎ ጣውላ ላይ ገልብጠው በክር ሲቆርጡ አየሁና ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሳለሁ ደሴ ላይ ወንድ አያቴም እንዲሁ ይቆርጡ ነበር። በወረራው ጊዜ ወታደር ሆነው የመጡ ጣሊያናዊ ነበሩ። እንፋሎቱ ፊታቸውን እየሸፈነው ስለተወለዱባት የተራራ መንደር ያወሩኛል፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ድንጋይ ጠራቢ እንደነበሩ፣ በበረዶ ወራት ጋጣ ውስጥ በከብቶቹ ትንፋሽ እየሞቁ ያድሩ እንደነበር።

«አባባ፣ ለምን አልተመለሱም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ከጦሩ ጠፍቼ በወባ ስንቀጠቀጥ የሴት አያትሽ አባት በር ከፈቱልኝ። የኛ ጥይት ልጃቸውን ገድሎባቸው ገና ሐዘን ላይ ነበሩ። ያም ሆኖ የልጃቸውን ጋቢ አለበሱኝ።»



ያቺን መንደር አይቻት አላውቅም፤ በሩን የከፈቱትን ሰውም በሕይወት አልደረስኩባቸውም። ያን ቀን አያቴን ምን ብለው እንዳስገቧቸው ዛሬም አስባለሁ፤ ባሰብኩ ቁጥርም አመሰግናቸዋለሁ።