ከቦዩ የተወሰደው እንደራሴ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ባለችው ሽንኩርት አብቃይ ቀበሌ ጋሽ ሷሊሕን የማያመሰግን ሰው አልነበረም። መብራቱ እንኳ «የሷሊሕ መብራት» ነው የሚባለው። ሰውየው ግን ይህን ምስጋና በሰማ ቁጥር ወሬ ይቀይር ነበር፤ ምክንያቱን የሚያውቁት እሱና አላህ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ያ የምርጫ ክልል እንደራሴ ሲቀልድበት የኖረ አገር ነው። በጃንሆይ ጊዜ በበቅሎ እየዞረ ድምፅ የሰበሰበው ባላባት ገብረሚካኤል፣ ከተመረጠ በኋላ ለግብር ካልሆነ ቆላውን አላሰበውም። በደርግ ጊዜ ለሸንጎ የተመረጠውን ካድሬ ሰዉ ፊቱን ያየው በምርጫው ዕለት ብቻ ነው። ቀጥሎ መምህር ተሻለ ተላከ። ደግ ሰው ነበር ይላሉ፤ ግን አንዴ ደብረ ሲናን ሽቅብ ከወጣ ወዲያ ቁልቁል አልወረደም። «በቃ፣ ከራሳችን መሃል የማያዳላ ሰው እንላክ» ተባለ። የማያዳላ ማን ነው? ሷሊሕ!

ሷሊሕ የውሃ አባት ነበር። የቦዩን ውሃ በተራ የሚደለድለው፣ ለሐጂውም ለድሃይቱም እኩል ለክቶ የሚለቀው እሱ ነው። የገዛ ወንድሙ ተራ ቢሻማ ማሳውን ያደረቀበት ሰው ነው። ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ? ያንን አንድ ፍርድ አዋቂ ከቦዩ ላይ አንስቶ አዲስ አበባ ላከው። ወይ ጅልነት! ምሰሶውን ነቅሎ አጥር የሚያጥር ሰው አይታችኋል?

ሷሊሕ በሄደ በሦስተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ ወንዙ ሲሳሳ፣ ተራው ተደበላለቀ። ሁለት ጎረቤታሞች ቦዩ አፍ ላይ ተናነቁ። አንዱ በአካፋ መታ፣ ኑረዲን ወደቀ። ሚስቱ ሙሚና ሁለት ልጅ ታቅፋ ቀረች። በዚያው ወር መብራቱ ገባ። ሙሚናም በለቅሶዋ መሃል አንድ መጽናኛ አገኘች። «ሷሊሕ እዚህ ቢኖር ባሌ አይሞትም ነበር፤ ግን የሁላችንን ጉዳይ ይዞ ሄዶ ነው፤ ይኸው መብራት አመጣልን» አለች። ልጆቿንም ይህንኑ እየነገረች አሳደገቻቸው።

ሷሊሕ አምስት ዓመቱን ጨርሶ ሲመለስ የውሃ አባትነቱ በወጣቱ በካሚል እጅ ነበር። ካሚል ከያዘው ወዲህ ቦዩ ላይ ደም አልፈሰሰም።

እንዲህ ዓመታት አለፉና፣ ዘንድሮ ምርጫ ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ በኋላ ከኩርኩራው ዛፍ ሥር ሰዉን ሰበሰቡ። ሸህ ኸይረዲን ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ካሚልን እንልካለን። ሷሊሕ፣ መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ፤ መርቀው» አሉ። ካሚል አንገቱን ደፍቷል፤ ደስታው ግን ያስታውቅበታል።

ሷሊሕ ተነሳ። ቢመርቅ ቦዩ ዳግም ባለቤት ያጣል፤ እውነቱን ቢናገር የኖረበት ክብር አፈር ይበላል። ሙሚና ከሴቶቹ ፊት ተቀምጣ ታየዋለች።

«ጀመዓ» አለ፣ «አምስት ዓመት እዚያ ምክር ቤት ስቀመጥ አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

«ምን አልክ?» አሉ ሸሁ።

«ወላሂ፣ አንድ ቃል! እጄን አወጣለሁ፣ ሰዓቱ ያልቃል። ሌላ ቀን አወጣለሁ፣ ያልቃል። በኋላ ተውኩት። ሌላው እጁን ሲያወጣ አብሬ ማውጣት፣ ሲያወርድ አብሬ ማውረድ ብቻ ሆነ ሥራዬ።»

«መብራቱስ?»

«መብራቱ ለሁሉም ቀበሌ በዕቅድ የመጣ ነው። መግባቱን እንኳ የሰማሁት እናንተ ደውላችሁ ስታመሰግኑኝ ነው። ‹እኔ አይደለሁም› ልል ነበር፤ ምስጋናው ጣፈጠኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኔንም ወሰደኝ። ካሚል፣ ልጄ፣ ከዚህ ቦይ አንድ ወር ብትጠፋ ሰው ይሞታል። እዚያ ግን አምስት ዓመት ብትጠፋም ማንም አይፈልግህም። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«አስተግፊሩላህ» አለ አንዱ ሽማግሌ።

የተነሳችው ሙሚና ናት። «ጋሼ ሷሊሕ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ልጆቼን ‹አባታችሁ በከንቱ አልሞተም› እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ዛሬ ቤት ገብቼ ምን ልበላቸው?»



እሷም ወደ ካሚል ዞረች። «አንተ የትም አትሄድም። ተነስ፣ የእኔ ተራ ደርሷል፤ ውሃዬን ልቀቅልኝ።» ካሚል ሸሁን አየ። ሸሁ አቀርቅረዋል። ደስታው ከፊቱ ላይ ጠፍቶ፣ ተነስቶ ወደ ቦዩ አፍ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ሷሊሕ መንገዱ ላይ ጠበቃት። «ሙሚና፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

ቆመች።

«አላህ አፉ ይበልዎ» አለችው። «እኔ ገና ነኝ።»