ለጆሃንስበርግ የተቀረጸ ለቅሶ

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሆሳዕና ላይ ሚስማርና ጨው ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ወንድሞቼ በሙሉ ሱቅ አላቸው። እኔን ግን ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ፣ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ስንት ዘመኔ፣ «ይሄኛው እንኳ ገና ነው፣ ሥራ እየፈለገ ነው» ይል ነበር። እኔ ደግሞ በሩ ላይ በትልቁ «የጥበብ ማዕከል» ብዬ አጽፌያለሁ። ማዕከሉ ውስጥ ያለው አንድ ካሜራ፣ አንድ የሚያቃስት ኮምፒውተር፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከዚያ ደግሞ ከዓመት ዓመት ቦታ እየወሰደ የሚሄደው የእኔ ሆድ ነው።

እኛ አገር የካሜራ ሰው የሚኖረው በሰርግና በለቅሶ ነው። ልዩነታቸው ከሥር የምትገባው ሙዚቃ ናት። ሰርጉን ወጣቶቹ ወሰዱብኝ። ፊት ለፊቴ የከፈተው ልጅ ድሮን አለው፤ ሙሽራዋን ከሰማይ ነው የሚያነሳት። እኔ ወንበር ላይ ለመውጣት ራሱ ሁለት ሚዜ ይደግፈኛል። «ጋሼ፣ አንተ ከእንግዲህ መሬት የቀረውን ያዝ» አለኝ አንድ ቀን እየሳቀ። መሬት የቀረው ማለት ሟች ነው። ያዝኩ።

ለቅሶ ደግሞ እኛ ጋ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያልላከ ቤት ልፈልግ ብትሉ እግራችሁ ይቀጥናል። አባት ሲሞት ልጁ አይመጣም። ወረቀት የለውማ፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። እሱ ካልመጣ ለቅሶው ይሄድለታል። እኛ እንቀርጻለን፣ እንልካለን፤ እዚያ ያሉት የአገር ልጆች ከአንዱ ሱቅ ጓሮ ተሰብስበው፣ ወንበር ደርድረው፣ በትልቅ ስክሪን ለቅሶ ይቀመጣሉ። የሚያዩት ግን ሬሳውን አይደለም። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ከልቡ አለቀሰ፣ ማን አስመሰለ፣ እሱን ነው። ፍጹም ቅጣት ምት እንደሚያጣራ ዳኛ ወደ ኋላ እየመለሱ ነው የሚያዩት። አንዱ «ጎረቤታችን ሲያዛጋ አሳይተኸኛል» ብሎ አመስግኖኝ ያውቃል። ጎረቤትየው ከዚያ በኋላ ከዚሁ ሰው የሚላክለት መድኃኒት ቀረበት።

አንድ ጠዋት ከጆሃንስበርግ ተደወለልኝ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ሰርጉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ ድሮን ሳይመጣ። ሚስቱ ጋ ጥቂት ወር ቆየ፤ ሳትጸንስ ሆመቾ አካባቢ አባቱ ቤት አስቀምጧት ሄደ፤ እስከዛሬ አልተመለሰም። አሁን አባትየው ሞቱ።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ቅረጽልኝ።»

«ይቀረጻል ወንድሜ። እግዜር ያጽናህ።»

«ሚስቴን በተለይ።»

እኔ ሞኙ ናፍቃው መስሎኝ «አይዞህ፣ ጥሩ አድርጌ አስገባታለሁ» አልኩት።

«እሱን አይደለም የምልህ። እህቴ ደውላ ሽማግሌው ሲሞቱ ዓይኗ እንኳ አልረጠበም አለችኝ። ውሸት ከሆነ በዓይኔ ልየው። እውነት ከሆነ ግን፣ ለአባቴ ያላዘነች አባቴ ቤት አታድርም። በቃ።»

እንግዲህ ካሜራዬን ይዤ የሄድኩት ለቀብር ሳይሆን ለፍርድ ቤት ነው። የሴትየዋ ቤት በእኔ ሌንስ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ደግሞ ሌንሴ ላይ ጭረት አለ።

ቀብሩ ላይ ፓስተሩ ገና ከመጀመሪያው አስጠነቀቀ፤ አባታችን ጌታ ዘንድ ነው የሄዱት፣ ዋይታ ይቅር፣ መዝሙር ይሁን አለ። ሰው ሁሉ እሺ አለ። የጆሃንስበርጉ ልጅ እህት ግን እሺ አላለችም። ሆሳዕና የምትኖር፣ ወፈር ያለች፣ የአባቷን ቤት ለልጇ እንደምትፈልገው አገር የሚያውቅላት ሴት ናት። ከየቀበሌው አዲስ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ጮኻ ትወጣለች፣ ዞር ብላ ካሜራው የት እንዳለ ታያለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። የምትወድቀውም ፍራሽ ባለበት በኩል ነው። ስትነሳ ነጠላዋን እያራገፈች ወደ እኔ መጣች።

«ገባሁ?»

«ገብተሻል እትዬ።»

«ስወድቅ?»

«ስትወድቂ እንኳ ካሜራው ወደ ፓስተሩ ዞሮ ነበር።»

«ምን ያዞረዋል? እሱ ነው አባቱ የሞተበት?» አለችኝና ቀጣዩ ለቀስተኛ ሲመጣ እንደገና ወደቀች። ያኔ በደንብ ያዝኳት።

የልጅየው ሚስት በዚህ ሁሉ መሀል ትሪ ይዛ ነው የምታልፈው። ንፍሮ ታቀርባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች። ፊቷ መናኸሪያ መኪና የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ባጎላው ባሳንሰው ያው ነው። ማታ ቤቴ ሄጄ የቀረጽኩትን አየሁት፤ እውነት ለመናገር እህትየው አልዋሸችም።

ድንኳኑ ሊነሳ በተባለበት ቀን የመጨረሻውን ልቀርጽ ስሄድ፣ ሴትየዋ ከጓሮ ጠቀሰችኝ። እንሰቱ መሀል ገባሁ።

«ጋሼ፣ እኔ አለሁበት?»

«አለሽበት እህቴ።»

«አለቅሳለሁ?»

«ትሪ ይዘሻል።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የምነግርህን ለሰው አትንገር» አለችኝ። «እኚህን ሽማግሌ አገላብጬ ያጠብኩ እኔ ነኝ። አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ ሙሉ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም፤ ይጣራሉ። የሞቱ ዕለት ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ተኛሁ። ጋሼ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። አሁን ዕንባ ከየት ላምጣ?»

«እሱን ለባልሽ ንገሪው።»

«ምን ልበለው? ተኛሁ?» አለችና አየችኝ። «አንተ ሙሽሮቹን ከንፈራቸውን ታቀላለህ፣ ጥርሳቸውን ታነጣለህ ይላሉ። ለእኔ ዕንባ ምን ይከብድሃል?»

እኔም አስቤበት ነበር እኮ። ከሰርጓ ቪዲዮ ላይ፣ ከናቷ ስትለይ ያለቀሰችውን ልውሰድ ብዬ ነበር። ግን ቬል ለብሳለች፣ ከኋላዋ ደግሞ ጥሩምባ የሚነፋ አጎት አለ።

ሽንኩርት አልኳት። «ለድንኳኑ ሰው የወጥ ሽንኩርት ስከትፍ ነው የሰነበትኩት፣ ዓይኔ ለምዶታል» አለች። የሚያሳዝን ነገር ልንገራት ብዬ የማውቀውን ነገርኳት፤ የፎቶ ቤቴን ታሪክ። «አይዞህ ጋሼ» አለችኝ። አላለቀሰችም።

በዚህ ጊዜ ዳይሬክተርነቴ ተነሳብኝ። ካሜራውን እግሩ ላይ አቆምኩ፣ አስነሳሁት፣ «ተይው፣ ከልብሽ ባይሆንም እንደ እህትየው አድርጊ፣ ላሳይሽ» አልኳት። ነጠላዋን ተቀብዬ ወገቤን አሰርኩ። ጮህ ብዬ ሳይሆን በሹክሹክታ ጮህኩ። ዞር ብዬ ካሜራ ፈለግኩ። ልክ እንደ እህትየው ክንዴን ዘርግቼ ልወድቅ ስል ርጥብ የእንሰት ቅጠል ረገጥኩና እውነተኛውን ወደቅኩ። ጭቃው ውስጥ በጀርባዬ። ሆዴ ወደ ላይ፣ እግሬ ወደ ላይ። ልነሳ ብል ኤሊ ሆንኩ። ተኝቼም ቢሆን «ገባሁ?» አልኳት።

እዚያ ላይ ፈነዳች። ሳቁ እንዳይሰማባት ነጠላዋን ከእኔ ላይ ነጥቃ አፏ ላይ ወተፈችው። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ቁጭ አለች። ደረቷን መታች፣ ጉልበቷን መታች፣ «ወይኔ ሞትኩ፣ ወይኔ ሞትኩ» እያለች ግራና ቀኝ ተወዛወዘች። ዕንባው በጉንጯ ወረደ፣ በአገጯ ወረደ፣ ስትጠርገው ሌላ መጣ። ስንት ዘመን ሳትስቅ እንደቆየች እግዜር ይወቅ፤ ማቆም አቃታት። እኔ ከጭቃው ውስጥ ሆኜ የማየው ካሜራው ላይ የምትበራውን ቀይ መብራት ነው፤ እየቀረጸ ነው።

ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁን አጠፋሁት። ድምፅ የሌለው ሳቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለቅሶ ነው። ስሎው ሞሽን አደረግኩት፣ ከሥር ዋሽንት አስገባሁ፣ ከኋላ የእንሰቱ ቅጠል ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ማንም የማያይበት ቦታ ሄዳ፣ ብቻዋን ተደብቃ ለአማቷ የምታነባ ሴት። እኔ ራሴ፣ መሬት ላይ ተዘርሬ የነበርኩት ሰውዬ፣ ኤዲት ሳደርገው አለቀስኩ።

ላክሁት። ወዲያው በማግስቱ ባልየው ደወለ፤ ድምፁ ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው አለቀሰ። እህቴን አፈርኩባት። አንተ እኮ አርቲስት ነህ!»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሚስቴን ጠራኋትና «ድገመው ወንድሜ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» አልኩት። ደገመልኝ። የሆመቾዋ ሴትም ወሬውን ሰማች፤ ድንች ቀቅላ በፌስታል ላከችልኝ። ቤቷ ተረፈ።

ሳምንት ሳይሞላ ባልየው እንደገና ደወለ። አሁን ሰላምታ የለም።

«ያቺን ቦታ ደጋግሜ አየኋት።»

«ቆንጆ ናት አይደል?»

«እኔ ስሄድ እንደዚህ አላለቀሰችም።»

ልስቅ ነበር፤ ተውኩት።

«ልጆቹ እዚህ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? ሚስት ለባሏ እንጂ ለአማቷ እንደዚህ አትሆንም ይላሉ። ለምን ጓሮ ተደብቃ አለቀሰች ይላሉ። ከሰው ፊት የማይለቀስ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? አንድ ቤት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አባቴ ምኗ ነበር?»

«ኧረ ባክህ! አባትህ እኮ አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ ናቸው።»

«አልጋ ላይ እኮ ነው የምልህ!»

ይሄን ሲለኝ ደሜ ፈላና እውነቱን ነገርኩት። «አላለቀሰችም! ሳቅ ነው! እኔ ወድቄ ነው የሳቀችው!»

«አንተስ ምኗ ነህ?» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ሆዴ እንዲህ ተብዬ ስለማላውቅ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ወዲያው ግን ለማሳመን ብዬ ኦሪጅናሉን ከነድምፁ ላክሁለት። የእኔ ማቃሰት አለበት፣ «ገባሁ?» የሚለው አለበት፣ የእሷ ሳቅ አለበት።

መልስ አልሰጠኝም። እህትየው ግን በዚያው ሳምንት ዘመድ አስከትላ ሆመቾ ወረደች፣ የበሩን ቁልፍ ቀየረች፣ የሴትየዋን ልብስ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አድርጋ ደጅ አስቀመጠችው። ያስወጧት ስላለቀሰች ይሁን ስለሳቀች እስከዛሬ አላወቅኩም።

ሴትየዋ ጆንያውን ይዛ መጀመሪያ የመጣችው እኔ ጋ ነው። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ኮምፒውተሩ ኋላ ተሸጎጥኩ።

«ሳቁን ላክህለት?»

«ላክሁለት እህቴ። ስምሽን ላድን ብዬ ነው።»

«ይሁን» አለች። «ቢያንስ ከአባቴ ጋር ተኛች አይልም።»

እሱስ አይልም ይሆናል። ግን ሳቁን የሰማው እሱ ብቻ ነው፤ አፍሮ ለማንም አላሳየውም። ለቅሶው ደግሞ ከስልክ ስልክ አገር ምድሩን አዳርሷል፣ ወሬውም አብሮት። እሷ ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይታ አንድ ሆቴል ዕቃ ማጠብ ጀመረች። እኔ ደግሞ በለጸግሁ። ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ፣ ከሙዱላ ሳይቀር ሰው እየመጣ «እንደ ሆመቾው ይሁንልን» ይለኛል። የድሮኑ ልጅ መንገድ ተሻግሮ መጥቶ «ጋሼ፣ ሰው እንዴት ነው የምታስለቅሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። «መውደቅ መቻል አለብህ» አልኩት፤ ቀልድ መሰለው።

በቀደም ሴትየዋ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ለፓስፖርት ነው፤ ዓረብ አገር ልትሄድ ደላላ አግኝታለች። ከስታ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ የተገለበጠው የፏፏቴ መጋረጃ ነጭ ጀርባ ፊት ተቀመጠች። ለካሳ ያህል በነፃ ላነሳት ብል «አልፈልግም» አለችኝ። በዚህ መሀል ከአንጋጫ የመጣ፣ እናቱ የሞተችበት ሰውዬ ተራ እየጠበቀ ነበር። ሰውየው አፉ አያርፍም።

«እንደዚያች ሴትዮ እንድታወጣልን ነው የምንፈልገው» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አይተሻታል አይደል እህቴ? እንሰት ውስጥ የምታለቅሰዋን?»

«አላየሁም» አለች።

«ኧረ እዪያት! አንጀት ትበላለች። ለአማቷ እኮ ነው። በኋላ ስንሰማ ለካ የሽማግሌው ውሽማ ነበረች።»

«ውይ» አለች እሷ።

«ግን ምን አገባኝ? እንደዛ ታልቅስልኝ እንጂ።»

እኔ ሌንሱን እጠርጋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ግን እጠርገዋለሁ። «ቀና በይ» አልኳት። ቀና አለች።

«ፊቴን ምን ላድርገው?»

«ምንም። ፓስፖርት ላይ መሳቅም አይቻል፣ ምንም አይቻል።»

ምንም አላደረገችም። አነሳኋት፣ አተምኩ፣ በመቀስ ቆረጥኩ፣ በትንሽ ፖስታ ሰጠኋት። ሒሳቧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ «ደህና ዋል ጋሼ» አለችና ወጣች።

ሰውየው በበሩ በኩል አንገቱን አስግጎ ተከተላት።

«ፊቷ ድርቅ ያለ ነው የዚች ደግሞ!» አለኝ። «የእኛ ለቅሶ ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው ካየህ አደራህን፣ ቆርጠህ አውጣልኝ።»

«ይወጣል ጌታዬ፣ እግዜር ያጽናችሁ» አልኩትና ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኩት።